መካኒኩን ያስቀድሙ፦ በምዕራብ ሐረርጌ አሮጌ ስፖርት መኪና ለመግዛት ለሚያስቡ

ሐረር በፔጆ 404 ታክሲዎቿ ትታወቃለች። ፋብሪካው ይህን አውቶሞቢል በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1960 መሥራት ጀምሮ በ1975 አቁሟል። እዚያ ማምረቱ ከቆመ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። ጥንካሬው አይካድም፤ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈው ይኸው መኪና ነው። ሆኖም በዚያው ዘመን ከእሱ የፈጠኑ፣ ከእሱ ያማሩ ስንትና ስንት መኪኖች ተሠርተዋል፤ አብዛኞቹ ዛሬ በየግቢው ጥግ ቆመው ዶሮ ያድርባቸዋል። ልዩነቱን ያመጣው ብረቱ ብቻ አይደለም። ለፔጆው ዕድሜ የሰጠው ሞተሩን ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ፣ ከሞተው ዕቃ አውጥቶ ለቆመው የሚያቀብል ጋራዥ፣ ልጁን በዚያው ሙያ ያሳደገ ባለሙያ ነው። አሮጌ መኪና የሚኖረው እጅ ባለበት ነው። ይህ መመሪያ ከዚህ ሐሳብ ይነሳል፤ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎችም ሁሉ ወደዚሁ ይመለሳሉ።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሳው እንዲህ ነው። ከቡናው ወይም ከጫቱ የተጠራቀመ ገንዘብ አለ፤ አለዚያም ውጭ ያለ ዘመድ የላከው። አዲስ አበባ ወይም አዳማ ያለ ደላላ በስልክ ፎቶ ይልካል። መኪናው ሁለት በር፣ ዝቅ ያለ፣ ጎማው ሰፊ፣ ድምፁ የሚያስገመግም ነው። ዋጋው ከአንድ ደህና ኮሮላ አይበልጥም፤ እንዲያውም ያንሳል። መቻራ፣ ገለምሶ፣ በዴሳ ወይም ጭሮ ላሉት ለእርስዎ፣ ያ ፎቶ «ዕድል ነው፣ እንዳያመልጥዎ» የሚል ይመስላል። ከመቸኮልዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ዋጋው ለምን አነሰ?

በአገራችን የመኪና ዋጋ ዝም ብሎ አይወርድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በረጅም ዘመን ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የብር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእጅጉ ወረደ። ሦስቱም ውሳኔዎች የሚገፉት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ አገር ውስጥ ያለ የቤንዚን መኪና ብርቅ ይሆናል፣ ዋጋውም ይንራል። እንግዲህ ሁሉ በሚወደድበት ገበያ አንድ መኪና ብቻ ከረከሰ፣ ገበያው ለእርስዎ የሚነግርዎ ነገር አለ። ያ መኪና ዕቃ አይገኝለትም፣ ወይም የሚጠግነው ጠፍቷል፣ ወይም ወረቀቱ ችግር አለበት። እርስዎ ከሌላው ገዢ የተሻለ ዓይን ስላለዎት የረከሰ አይምሰልዎ፤ ከእርስዎ በፊት አይተው የሄዱ ብዙ ናቸው።

አንደኛ፦ ከመኪናው በፊት መንገዱን ይለኩ

ወረቀት ይያዙና በዓመት ውስጥ የሚመላለሱባቸውን መንገዶች ይጻፉ። መቻራ ለሚኖር ሰው ጭሮ ደርሶ መመለስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጭሮ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 325 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከዚያ በየመንገዱ ጎን መኪናውን የሚፈትነውን ይመዝግቡ፤ ኮረኮንች፣ በክረምት የሚጎርፍ ሸለቆ፣ የጠጠር ክምር፣ ወደ ቡና ማሳ ወይም ወደ ዘመድ ሰርግ የሚወስደው የቀበሌ መንገድ። የሚለኩት መንገዱ በጥሩ ቀን የሚመስለውን ሳይሆን በሐምሌ ዝናብ የሚሆነውን ነው፤ መኪናው የሚሰበረው በዚያ ቀን ነውና። ስፖርት መኪና በተፈጥሮው ከመሬት የሚርቀው ጥቂት ነው፤ ሆዱ ከመሬት ከ150 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ብዙ ነው፤ ባለቤቱ ሞላውን ቆርጦ ዝቅ ካደረገው ደግሞ ያን ያህልም አይተርፍም። የዘይት መያዣው አንድ ጊዜ ድንጋይ ከመታውና ዘይቱ ካለቀ፣ ጥቂት ደቂቃ መንዳት ሞተሩን ለመግደል ይበቃል። ስለዚህ በዝርዝርዎ ውስጥ ከጉዞዎ ሩቡ እንኳ ከአስፋልት ውጭ ከሆነ፣ ዝቅ ያለውን መኪና እዚህ ላይ ይተዉት። ሌሎቹን እርምጃዎች ማንበብ አያስፈልግዎትም።

ፍጥነቱንም እንዲሁ ይመዝኑ። ስፖርት መኪና የሚሸጠው ፍጥነት ነው፤ ነገር ግን ሚኤሶ አካባቢ ግመል፣ ሂርና ላይ ገበያተኛ፣ በየኩርባው ጫት የጫነ አይሱዙ በሚያጋጥምበት መስመር ያ ፍጥነት የት ይውላል? የመኪናው ጉልበት ከተከፈለበት ዋጋ ጋር እንዳይመጣጠን ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል። ጭሮ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። 150 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠልዎ ሞተር እዚህ ሲነዳ የሚሰጥዎ 120 ገደማ ነው። ተርቦ ያለው ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሳል፤ በዚያው ልክ ግን ሙቀትን ይጨምራል፣ ንጹሕ ዘይትን ይፈልጋል፣ ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይመኛል። በማደያዎቻችን ግን ቤንዚን ማማረጥ የለም፤ ያለው አንድ ዓይነት ነው። ማደያው ሲያልቅበት በሃይላንድ የሚሸጠውን ለሚቀዱ ሰዎች ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት የሚነግራቸው የለም። ከነጭ ጋዝ ጋር የተደባለቀ ቤንዚን የኮሮላ ሞተርን ያንገራግራል፤ የተርቦ ሞተር ፒስቶንን ግን ሊበሳ ይችላል።

ሁለተኛ፦ መኪናውን ሳያዩ መካኒኩን ያግኙ

ብዙ ሰው መኪና ከገዛ በኋላ መካኒክ ይፈልጋል፤ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ጭሮ ወይም ገለምሶ ሄደው ሥራቸውን የሚያምኑባቸውን ሁለት መካኒኮች ያነጋግሩ። «ይህን መኪና ታውቃለህ?» ብለው አይጠይቁ፤ አውቃለሁ ማለት ለባለሙያ ቀላል ነው። «የዚህን መኪና ፍሪሲዮን ቀይረህ ታውቃለህ? ካምቢዮውን ለማውረድ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» ብለው ይጠይቁ። ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ዝርዝሩን ይነግርዎታል፤ የቱ ብሎን እንደሚያስቸግር፣ ልዩ መፍቻ የሚፈልግ ቦታ የት እንደሆነ ያብራራል። ያልሠራ ሰው ስለዋጋ ይጀምርልዎታል።

እዚህ ላይ አንድ መልካም ዜና አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ኮምፒውተር ማንበቢያ ሳያስፈልጋቸው በሽታቸውን ይናገራሉ። በኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ ሳጥን ውስጥ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የሚባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ይበቃል፤ የሞተሩ መብራት እየበራና እየጠፋ የብልሽቱን ቁጥር ይቆጥራል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ መቻራም ቢሆን ሥራውን ይሠራል። በተቃራኒው በዚያው ዘመን ከአውሮፓ የወጡ ብዙ ስፖርት መኪኖች የራሳቸውን ፋብሪካ መመርመሪያ ይፈልጋሉ፤ ያንን ደግሞ አዲስ አበባም ቢሆን ፈልገው ነው የሚያገኙት። ስለዚህ የመኪናው ዕድሜ ብቻ ብዙ አይነግርም፤ ዘመኑ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚጠይቅ ነው ዋናው።

ሦስተኛ፦ በሦስት ዕቃ ይፈትኑት

የአሮጌ መኪና ዕጣ የሚወሰነው በመርካቶው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከመግዛትዎ በፊት መርካቶ ላለ የሚያምኑት ዘመድ ወይም ዕቃ ነጋዴ ይደውሉና የሦስት ነገሮችን ዋጋ ይጠይቁ፤ ራዲያተር፣ ሙሉ ፍሪሲዮን እና የፊት መስታወት። ሦስቱ የተመረጡት በምክንያት ነው። ራዲያተሩ በእኛ ዳገት መጀመሪያ የሚደክመው ነው፤ ፍሪሲዮኑ ማለቁ የማይቀር ነው፤ መስታወቱ ደግሞ በአካባቢው የማይቀየር ሆኖ አንድ ጠጠር ብቻ ሊሰብረው የሚችል ነው። ሦስቱም ዛሬ ተገኝተው ዋጋቸው ከተነገረዎ መኪናው በአገሪቱ ውስጥ ዘመድ አለው ማለት ነው። አንዱ «ከዱባይ ማስመጣት ነው» ከተባለ፣ ይህን ቃል በቀላሉ አይስሙት። ዕቃው እስኪመጣ መኪናው ስንት ወር እንደሚቆም፣ በዚያ ጊዜም ምንዛሪው የት እንደሚደርስ የሚያረጋግጥልዎ የለም። ሁለቱ ካልተገኙ ይተዉት።

አራተኛ፦ ዋጋውን ሳይሆን ዓመቱን ያስሉ

ገዢ ሁሉ የሚከራከረው በግዢው ዋጋ ላይ ነው፤ ሻጭም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እርስዎ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ያስሉ። ከነዳጁ እንጀምር። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ ለስሌቱ እንዲመች 120 ብር እንበል። ከመቻራ ጭሮ ደርሶ መልሱን 220 ኪሎ ሜትር አድርገን፣ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚጠጣ ስፖርት መኪና 26.4 ሊትር ይፈጃል፤ 3,168 ብር ማለት ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚበቃው ባለ 1.3 ሊትር ኮሮላ በዚያው መንገድ 2,112 ብር ያወጣል። በወር አራት ጊዜ ቢመላለሱ ልዩነቱ 4,224 ብር፣ በዓመት ደግሞ ከ50,000 ብር በላይ ይሆናል። ይህ እንግዲህ አንድ ብሎን ሳይፈታ ነው።

በዚያ ላይ ጎማውን ይጨምሩ። ስፖርት መኪና የሚፈልገው ሰፊና ቀጭን ግድግዳ ያለው ጎማ በየከተማው ጎሚስታ ዘንድ አይገኝም፤ ቸርኬውም በጉድጓድ በቀላሉ ይጣመማል። የመጀመሪያውን ዓመት ደህና ለማለፍ ደግሞ ዘይቱን፣ ፊልትሮዎቹን፣ ካንዴላዎቹን፣ የፍሬን ዘይቱን፣ የራዲያተር ቱቦዎቹን፣ ሞተሩ የጊዜ ቀበቶ ያለው ከሆነም ቀበቶውን ወዲያው መቀየር ያስፈልጋል፤ የቀድሞው ባለቤት «ቀይሬዋለሁ» ቢልም ደረሰኝ ካላሳየ አልተቀየረም ብለው ይያዙ። ይህን ሁሉ ደምረው ከግዢው ዋጋ ሩቡን ያህል ገንዘብ በሌላ ኪስ ማስቀመጥ ካልቻሉ መኪናው አቅምዎ አይደለም። ከዚያ ገንዘብ ሳይነካ የሚተርፍ ቢኖር ደግሞ ምንም አይከፋም፤ ዋናው ነገር ብልሽቱ በመጣ ቀን ድስት ጥዶ ለማልቀስ አለመገደድ ነው።

አምስተኛ፦ ከላሜራው በፊት ወረቀቱን ይመርምሩ

ስፖርት መኪና ከሌላው ይልቅ የተነካካ ነው። ሞተሩ የተቀየረ፣ ቀለሙ የተለወጠ፣ መሪው የተዛወረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሊብሬውን ይዘው ሁለቱን ቁጥሮች በዓይንዎ ያመሳክሩ፤ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና በዓለም እንደተለመደው ባለ 17 ፊደልና አኃዝ መለያ ላይኖረው ይችላል፤ አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ነው ያለው፤ ስለዚህ ማጠሩ ብቻ አያስደንግጥዎ። የሚያስደነግጠው ቁጥሩ የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም ከሊብሬው የማይገጥም ሲሆን ነው። የሞተር ለውጥ በመዝገብ ያልሰፈረበት መኪና በዓመታዊ ምርመራው ላይ ይያዛል፤ ቦሎ አይለጠፍለትም፤ ስም ሲዛወርም ይቆማል። መኪኖች የሚመዘገቡበትና የሚመረመሩበት አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው፤ ሻጩ «በኋላ እናስተካክለዋለን» ካለ፣ መጀመሪያ ራሱ አስተካክሎ ይምጣ።

ቀጥሎ ዲክላራሲዮኑን ይጠይቁ። ቀረጥ ነፃ ሆኖ የገባ መኪና ታክሱ ሳይከፈል ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው መኪናውን ይዞ ስሙን ግን አያገኝም። ዕዳና ዕገዳ መኖሩን ደግሞ መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያጣሩ። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ መኪናን በመያዣነት አስመዝግቦ መበደር ይቻላልና በእጁ ያለ ሁሉ ነፃ አይደለም። ውሉም በወረቀት ቁራጭ ላይ ሁለት ምስክር አስፈርሞ የሚቀር አይሁን፤ በውልና ማስረጃ ይጽደቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን ሁኔታ ይደነግጋል፤ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ «እንዳለ ገዝቼአለሁ» የሚለው ቃል አያድነውም። ይህን ለማስረዳት ግን ሻጩ ስለመኪናው የተናገረው በውሉ ላይ በጽሑፍ ቢሰፍር ይረዳል። ስለዚህ የሞተሩን ሁኔታ፣ አደጋ ደርሶበት እንደሆነና ኪሎ ሜትሩን ያስጽፉ። እውነተኛ ሻጭ መጻፉን አይፈራም።

ስድስተኛ፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይድረሱ

ለሻጩ የሚመጡበትን ሰዓት አስቀድመው አይንገሩ፤ ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ። ሞቆ ከጠበቀዎ ሲቀዘቅዝ የሚታይ ነገር ተደብቋል። ሞተሩ ሲነሣ ጭሱን ይዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው፤ ፋሻው ወይም የባልቦላው ጎማ አልቋል። ነጭ ሆኖ የማይለቅ ጭስ፣ በዘይት ክዳኑ ሥር እንደ እርጎ የረጋ ነገር፣ በራዲያተሩ ውስጥ የሚፍለቀለቅ አረፋ ከታየ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መበላቱን ይጠርጥሩ። ጥቁር ጭስ ግን በካርቡራተር መኪና ላይ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ደጋ ሲወጣ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛበታል። ይህን የሚያውቅ ሰው በጥቁሩ ጭስ አይሸሽም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቀምበታል። የኮምፕረሽን ልኬትም እንዲሁ ነው። በባሕር ጠረፍ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ጭሮ ላይ 10 ገደማ ቢያሳይ ከፍታው ያመጣው ነው። የሚታየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ ሞተሩ ሊፈታ ነው።

ከሞተሩ በኋላ አካሉን ይዩ። የማግኔት ቁራጭ በላሜራው ላይ ያንሸራትቱ፤ በማይጣበቅበት ቦታ ስቱኮ አለ። ስቱኮ ባለበት ደግሞ ዝገት ወይም ግጭት አለ። መኪናው ከጃፓን ተነሥቶ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ እንደሆነ ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ የተበየደ ብረት፣ የተቀጠለ ሽቦ፣ የተራዘመ የፍሬን ዘንግ ካለ ሕይወትዎን የሚይዘው ክፍል በእጅ የተሠራ መሆኑን ይወቁ። ጎማው ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ዓመቱን (እ.ኤ.አ.) ይናገራሉ። 2314 የሚል ጎማ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎማው አርጅቷል።

ሰባተኛ፦ ዳገቱ ይፍረድ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈሩን መዞር ፈተና አይደለም። ይህ አካባቢ ከየትኛውም ጋራዥ የተሻለ መመርመሪያ አለው፤ ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የሚወጣው ዳገት። መኪናውን አምጥቶ ለማሳየት የሚስማማ ሻጭ ካገኙ፣ ወይም ከአዋሽ በኋላ ባለው ሙቀት አብረው ለመጓዝ ከቻሉ፣ ቀትር ላይ ሰው ጭነው ይውጡ። አዋሽ ሰባት 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጭሮ እስኪደርሱ 800 ሜትር ያህል ይወጣሉ፤ መጨረሻው ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። የሙቀት መለኪያው ከመሃል በላይ ከወጣ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ደክሟል። በ1,800 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ግፊት የማይዝ አንድ የራዲያተር ክዳን እንኳ መኪናውን ያፈላዋል። ስለዚህ ወዲያው አይደንግጡ፤ ክዳኑን ቀይረው ድጋሚ ይሞክሩ። ያን ጊዜም ከፈላ ይተዉት። በመልሱ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፍሬኑ ይፈተናል፤ መረገጫው እየላላ ወይም መሪው ወደ አንድ ወገን እየሳበ ከመጣ ለዋጋው ሳይሆን ለሕይወትዎ ይጠንቀቁ።

«ነገር ግን…» ለሚሉ

የመጀመሪያው መከራከሪያ መኪና በአገራችን የገንዘብ ማስቀመጫ ነው የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ከላይ ያየናቸው ሕጎችና የምንዛሪው ለውጥ መኪና ያለውን ሰው አልጎዱም። ነገር ግን ገንዘብ የሚያስቀምጥ ዕቃ በተፈለገ ጊዜ የሚሸጥ መሆን አለበት። ኮሮላ፣ ቪትዝ ወይም ሃይሉክስ ጭሮ ላይ በሳምንት ውስጥ ገዢ ያገኛል። ሁለት በር ያለውን፣ ቤተሰብ የማይጭነውን፣ ዕቃው ከሩቅ የሚመጣውን መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ ልክ እንደ እርስዎ ፎቶውን ወዶ የሚመጣ ሌላ ሰው ብቻ ነው። እሱም ይህን ጽሑፍ አንብቦ ከሆነ አይገዛዎትም።

ሁለተኛው «ከአስፋልት አልወርድም» የሚል ነው። ይህ ቃል ኪዳን የሚፈርሰው መጀመሪያ ባለቤቱ ራሱ ዘመድ ሲሞትበት ወይም ሰርግ ሲጠራ ነው። ሁለተኛ መኪና ወይም ቢያንስ ሞተር ሳይክል በቤት ውስጥ ካለ ግን ክርክሩ ይጸናል፤ ስፖርት መኪናው የእሑድ መኪና ይሆናል፣ ማርሹም ሳይደክም ይቆያል።

ሦስተኛው ደስታ በብር አይለካም የሚል ነው። በዚህ አንከራከርም። ግን የሚፈለገው ደስታ በትክክል ምን እንደሆነ ይመርመር። የኋላ ጎማ የሚገፋው፣ ቀላል፣ ማርሽ በእጅ የሚቀየርለት፣ በኩርባ የሚታዘዝ መኪና ከሆነ የሚፈልጉት፣ በሐረርጌ ጎዳናዎች ላይ ስሙ ያልጎላ አንድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1983 የተሠራው፣ እኛ ዲኤክስ የምንለው ኮሮላ የኋላ ጎማ የሚገፋው ነው፤ ክብደቱም ከ900 ኪሎ ግራም ብዙ አይርቅም። ዛሬ በዓለም ሰብሳቢዎች ዘንድ በከፍተኛ ዋጋ የሚፈለገው ቶዮታ ኤኢ86 የተመሠረተው በዚሁ የኮሮላ አጥንት ላይ ነው። የአዲስ አበባ ወጣቶች ዲኤክስን አስጊጠው፣ ሞተሩን አጠናክረው የሚነዱት በከንቱ አይደለም። ካርቡራተሩን የሚያስተካክል ሰው በየከተማው አለ፤ ዕቃውም ሶማሌ ተራ ይገኛል። ፍጥነቱ ያንሳል፤ ነገር ግን በአካባቢያችን መንገድ ላይ ያነሰው ፍጥነት አይታወቅም፣ የተገኘው ደስታ ግን ይታወቃል። ፔጆው ሐረር ላይ የኖረበትን ምክንያት ዲኤክሱ አሁንም ይዞታል።

ውሳኔው

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው ወደ ሦስት ያጥራል። የሚመላለሱበት መንገድ ይህን መኪና ይሸከመዋል ወይ? ከቤትዎ አንድ ቀን በማይሞላ ርቀት ላይ ይህን መኪና ሠርቶ የሚያውቅ መካኒክ አለ ወይ? ከሦስቱ ዕቃዎች ቢያንስ ሁለቱ ዛሬ ከነዋጋቸው ይገኛሉ ወይ? ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ፣ ወረቀቱና ዳገቱ ካለፉት፣ የዓመቱም ወጪ በሁለተኛው ኪስ ካለ፣ ይግዙ፤ ስፖርትም ይሁን አሮጌም ይሁን ምንም አይደለም። የሚሰጡት ቀብድ ደግሞ አነስተኛ ይሁን፤ ስም ሳይዛወርም ሙሉውን አይክፈሉ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘውን የሦስተኛ ወገን መድን መኪናውን ከመንዳትዎ በፊት ይግቡ። ሙሉ ዋስትና ካሰቡ ደግሞ መድን ድርጅቱ የመኪናውን ዕድሜ አይቶ ሊያመነታ ስለሚችል ከግዢው በፊት ይጠይቁ።

ከሦስቱ ጥያቄዎች የአንዱ መልስ «አይ» ከሆነ ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ፣ ያ መኪና የሌላ አገር ሰው መኪና ነው። ደላላው ሲደውል «ሌላ ሰው እያየው ነው» ይላል፤ ይበል። እርስዎ ያን ጊዜ ለጭሮው መካኒክ ይደውሉና የመኪናውን ስም ይንገሩት። «አምጣው፣ አውቀዋለሁ፤ ካምቢዮውን ካወረድኩት ዓመት አይሞላም» ካለዎ ጉዞው ይጀመር። «እሱን እኔ አልነካውም» ካለዎ ደግሞ ያወጡት የአንድ ስልክ ጥሪ ዋጋ ብቻ ነው፤ መኪና ሲገዙ ከዚያ የረከሰ ምክር አይገኝም።